ለመቶ ስድስት ዓመቷ እመቤት

በቤተ መንግሥቱ የኋላ ክንፍ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ንጉሥ ሆኖ ኖሯል። ደመወዙ ግን የጸሐፊ ነበር። ሥራው የየደብሩ ቄስ “በሕይወት አሉ” ብለው ለሚፈርሙላቸው፣ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ዜጎች በየዓመቱ የመልካም ልደት ደብዳቤ መጻፍ፣ የንጉሡን ፊርማ አስመስሎ መፈረምና በቀይ ሰም ማተም ነው። የመዝገብ ቤት ሰዎች በዚህ የተነሣ “ግርማዊ” የሚል ስም አውጥተውለታል። ምሳ ሰዓት ወረፋ ሲይዝ “እባካችሁ ለግርማዊ መንገድ ልቀቁ” እያሉ ይሥቃሉ፤ እሱም አብሮ ይሥቃል። ከዚያ ሁሉም ከየባልንጀራው ጋር ይቀመጥና ግርማዊ መስኮቱ ሥር ብቻውን ይበላል።

ቤቱም ያው ነው። ሚስቱ ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል፤ ልጅ አልወለዱም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ማስጠገን አቅቶት አይደለም፤ ጭር ያለ ቤት ስለሚያስፈራው ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ፓርላማው “ንጉሥና የመንግሥት ሃይማኖት ለዚህ ዘመን ምን ይፈይዳሉ?” ብሎ ኮሚሽን አቋቋመ። ዙፋኑን መንካት ከበደው፤ ጳጳሱን መንካት ደግሞ ከዚያም ባሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ነገሩ፣ ምርመራው ከግርማዊ ክፍል ተጀመረ። ሰብሳቢዋ ትሑት ሴት ነበረች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች እንጂ ከላይ ሆና አላናገረችውም።

“ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ለአንድ ሰው እንኳ ቁም ነገር እንደሆነ ያሳዩን” አለችው። “አንድ ይበቃኛል። ሐሙስ ይምጡ።”

እንግዲህ ግርማዊ አንድ ነበረችው። ቤተሰቦች ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል እንጂ መልስ አይጽፉም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ መልስ የጻፈችለት በባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ የምትኖር አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። ዘንድሮ መቶ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በመንግሥቱ ውስጥ እሷን የሚበልጥ የለም። አምስት ዓመት በተከታታይ፣ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሕፈት ጽፋለች። “ክረምቱ ጠንቶብኛል፣ ጣራው ግን አያፈስም። ንጉሥ ሆይ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ?” ብላ ነበር በመጀመሪያው። በዚያ ዓመት ንጉሡ ጉልበታቸውን መታከማቸውን ጋዜጣው ሁሉ ጽፎ ነበር።

ግርማዊ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። የቀጣዩ ዓመት ደብዳቤ ሲደርስ ከደንቡ ውጭ አንድ መስመር ጨመረበት፤ “ጉልበታችን ደኅና ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ይጠዘጥዘናል” አለ። ዓመት ቆይታ ሰናፍጭ ይቀቡበት ብላ መለሰች። እሱም ቀባ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ አንድ መስመር ይጨምራል፤ ደብዳቤዎቿንም መሳቢያው ውስጥ በክር አሥሮ ያስቀምጣል። ሰው ከጠየቀው አይናገርም እንጂ፣ ዓመቱን የሚቆጥረው በእሷ ልደት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በባቡር ሄደ። ሐሳቡ ደብዳቤዎቿን ለኮሚሽኑ እንዲያነብ እንድትፈቅድለት መጠየቅ ነበር። ቤቱን አላጣውም፤ አድራሻውን ከራሱ ቤት ቁጥር ይልቅ በቃሉ ያውቀዋል። ሰባ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰውዬ የሰንሰለቱን ያህል በሩን ከፈተ። አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል።

“ማነው?”

“ከቤተ መንግሥት ነኝ።”

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። ሰንሰለቱን ፈቶ አስገባው። ክፍሉ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በተርታ ሰባት የተከፈፉ ደብዳቤዎች ነበሩ። ግርማዊ የገዛ እጁን ሥራ እንደዚያ ተሰቅሎ ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ።

“እናትዎን ላነጋግር ነበር የመጣሁት” አለ።

“የለችም።”

“መቼ ይመለሳሉ?”

ልብስ ሰፊው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው” አለ። “በመቶ አንድ ዓመቷ።”

ግርማዊ ወደ ደብዳቤዎቹ ዞረ። “ቄሱ እኮ በየዓመቱ ‘በሕይወት አሉ’ ብለው ይፈርማሉ። ያለ እሳቸው ፊርማ ደብዳቤው አይወጣም።”

“እሳቸው አምስት ደብር ነው የሚያዳርሱት፤ ዝርዝሩን ሳያዩ ነው የሚፈርሙት። ስትሞት ደወልኩላቸው። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ነገ ይደውሉ አሉኝ። ነገ እስኪደርስ ሬሳ ይቆያል? በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ቀበርኳት፣ እኔና ቆፋሪው ሆነን።” ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር። “በልደቷ ቀን የንጉሡ ደብዳቤ መጣ። መሞቷን ቤተ ክርስቲያኗ አላወቀችም፤ መወለዷን ንጉሡ አልረሳም። እኔ ምን ላድርግ?”

“መልሱንስ?”

“ሰው ሲጽፍልዎት ዝም ይላሉ? ነውር አይደለም? በግራ እጄ ጻፍኩ፣ የእሷ እንዲመስል። ይቀየማል ብዬ ስፈራ፣ በዓመቱ ስለ ጉልበቱ መለሰልኝ። ዝናብ ሲመጣ ይጠዘጥዘናል አለ። አይገርምዎትም? ንጉሥ የሚያህል ሰው ለእኔ እንደዚያ ብሎ ይጽፋል?”

ግርማዊ ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ ያዘ። “ንጉሡ አይደለም” አለ። “የእኔ ጉልበት ነው።”

አንዱ የንጉሥ ስም፣ ሌላው የሞተች እናቱን ስም ለብሰው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሲጻጻፉ የኖሩት እነሱ ነበሩ።

“ንጉሡስ አያውቃትም ማለት ነው?” አለ በመጨረሻ ልብስ ሰፊው።

“አያውቃትም። እኔ ግን አውቃት ነበር። ጣራዋ እንደማያፈስ እንኳ አውቃለሁ።”

“ጣራው የኔ ነው” አለ ልብስ ሰፊው፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። ቀጥሎም፣ “አይቀየሙኝና፣ በራስዎ ስም ቢጽፉልኝ ኖሮ አልከፍተውም ነበር። ማኅተም የሌለውን ፖስታ ሁሉ ሳልከፍት ነው የምመልሰው። የማያውቀኝ ሰው ምን አግኝቶ ይጽፍልኛል?” አለ።

ግርማዊ ይህን በባቡሩ መንገድ ሁሉ ሲያስበው ሄደ። ሰውየው እውነቱን ነው። ያለ ንጉሡ ስም እሱም ብዕር አያነሣም ነበር። ሁለት ብቸኛ ሰዎች እንዲጻጻፉ አንድ ዙፋን፣ አንድ ካቴድራልና አንድ ስብሰባ የሚወድ ቄስ አስፈልገዋል። እንደዚህ ያለውን ነገር ለኮሚሽን እንዴት ብሎ ያስረዳል?

ከመውጣቱ በፊት ልብስ ሰፊው በሩ ላይ “ሊከሱኝ ነው?” ብሎት ነበር።

ሐሙስ ቀን በክር የታሠሩትን ደብዳቤዎች በኮቱ ኪስ ይዞ ኮሚሽኑ ፊት ቀረበ። አዳራሹ ውስጥ ጋዜጠኞች ሞልተዋል። ቢያነባቸው ክፍሉ ልትተርፍ ትችል ነበር፤ በተለይ የሰናፍጩ ደብዳቤ ድንጋይ ያስለቅሳል። ግን በማግሥቱ አንዱ ጋዜጠኛ አሮጊቷን ፎቶ ላንሣ ብሎ ያን በር ያንኳኳል። እጁ ኪሱን እንደያዘ ቀረ።

“አንድ ሰው አገኙ?” አለች ሰብሳቢዋ።

“ሁለት አገኘሁ።”

“እነማን ናቸው?”

“አንዱን መናገር አልችልም። አንዱ እኔ ነኝ።”

አዳራሹ ሣቀ። ሰብሳቢዋ አልሣቀችም፤ ግን አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር ጻፈች። በሁለት ሳምንቱ ክፍሏ ታሸገች፣ ማኅተሙም ወደ ሙዚየም ተወሰደ። የመዝገብ ቤት ሰዎች ኬክ ቆርሰው ሸኙት። በስንብቱ ቀን እንኳ የእውነት ስሙ ኬኩ ላይ አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ ቧንቧውን ሲያዳምጥ ወር ሞላው። አንድ ቀን ጠዋት ወረቀት አወጣና “ወዳጄ ሆይ፣ ጉልበቴን ዝናቡ እንደገና ጀመረው” ብሎ ጻፈ። ሲፈርም እጁ የንጉሡን ፊርማ ሊጭር ተነሣ፤ አቆመውና የገዛ ፊርማውን ለማስታወስ ደቂቃዎች ፈጀ። ፖስታው ላይ ሊጽፍ ሲል ደግሞ የሰውየውን ስም እንዳልጠየቀ ገባው። ሰባት ደብዳቤ የሰቀለለትን ሰው ስሙን አያውቀውም። “ለቤቱ ባለቤት” ብሎ ላከው።

በዘጠነኛው ቀን ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ።

ግርማዊ አልተቀየመም፤ ከፋው እንጂ። ሰውየው አስቀድሞ ነግሮታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፖስታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያገላብጥ ቆየ። መጥፎው ነገር ቀኑ ገና ጠዋት መሆኑ ነበር፤ እስኪመሽ ብዙ አለው። ኮቱን ለበሰና ባቡር ጣቢያ ሄደ።

በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

“ማነው?”

ሠላሳ አንድ ዓመት ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ መልስ ነበረው። አሁን ከቤተ መንግሥት ነኝ አይል፣ ከቤተ ክርስቲያን ነኝ አይል። ስሙን ቢናገር ሰውየው አያውቀውም።

“እኔ ነኝ” አለ።

ከውስጥ የሚጎተት እግር መጣና፣ ሰንሰለቱ ሲፈታ ሰማ።