ለቀጠሮው ያልቀረበበት ምክንያት

ማዕረግ ጣቶቹን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስቶ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ።

"ጥር ሃያ ስድስት ጠዋት የት ነበርክ?"

ኡበይድ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የቆሙትን ባጃጆች ያያል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ኑርሀያት መታገሥ አቃታት።

"ቀብር ሲቆፍር ነበር" አለች።

"የማንን?"

"የከሳሹን እናት።"

ማዕረግ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ሲጽፍ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የታመመ፣ መኪና ያጣ፣ ቀን የተምታታበት፣ ያልሰማው ሰበብ የለም። እንዲህ ያለውን ግን ሰምቶ አያውቅም። ወንበሩን ወደ ባልና ሚስቱ አዞረ።

ኡበይድ ከሐይቁ ዳር ባለችው ማሳው ሽንኩርት ያለማል። ለውሃ ሞተር መግዣ ከጎረቤቱ ከነጋዴው ሙሀይሚን ሰማንያ ሺህ ብር ተበድሮ ፈረመ። ሠላሳውን ሺህ በሽንኩርት ከፈለ፤ ጭነው የወሰዱት ሰዎች ያውቃሉ፣ ደረሰኝ ግን የለም። ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ ወደቀና ቀሪውን መክፈል አቃተው። ሙሀይሚንም ትዕግሥቱ አልቆ ጠበቃ ያዘ፤ ጠበቃው ወረቀቱ ላይ ያገኘውን ሰማንያ ሺህ እንዳለ ከሰሰ።

በቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ የሙሀይሚን እናት እማ ዙለይሃ አረፉ። ኡበይድ አካፋውን ይዞ ወጣ። ከሳሹ እናቱን እየቀበረ ችሎት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ጀናዛ ትቶ ወደ ክስ መሮጥስ ለማን ይነገራል? ጠበቃው ግን የደሴ ሰው ነው፤ መርዶውን ሳይሰማ በሰዓቱ ችሎት ቀረበ። ተከሳሽ የለም፤ በሌለበት ተወሰነ፣ ሰማንያ ሺህ ከነወጪው።

ኡበይድ ይህን ካወቀ ሃያ ስምንት ቀን ሆነው። ማዕረግ ያለውን ምርጫ አስረዳው። ዝም ካለ አፈፃፀም ይከፈትበታል፤ ሞተሩ በሐራጅ ይሸጣል፣ ሽንኩርቱም ማሳ ላይ ይደርቃል። ሽማግሌ ልኮ በየወሩ ለመክፈል ቢስማማ፣ የከፈለውን ሠላሳ ሺህ ደግሞ መክፈሉ ነው። ውሳኔው እንዲነሣ ማመልከትም ይችላል፤ ለዚህ ሕጉ የሚሰጠው አንድ ወር ነው፣ የቀረውም ሁለት ቀን። ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት በምስክር ማሳየት አለበት።

"ምክንያቱማ በእጅህ ነው" አለ ማዕረግ። "ምን አስደበቀህ?"

"ጋሼ ማዕረግ፣ ለአላህ ብዬ የቆፈርኩትን ቀብር እንዴት ለብር ላውለው? እማ ዙለይሃ እኮ አብልተው ያሳደጉኝ ናቸው።"

"ታዲያ ሠላሳ ሺህ ሁለቴ ይክፈል ብለው ተናዘዙ?" አለች ኑርሀያት። "ልጆችህ ጦማቸውን ቢያድሩ ወላሂ አይወዱም።"

ኡበይድ አፈረ። ከሁሉ ያንገበገበው ግን ሙሀይሚን ነበር። በለቅሶው አንገቱን አቅፎ ያለቀሰ ሰው፣ ውሳኔው እጁ ከገባ ወዲህ መስጊድ በር ላይ ሲገናኙ መሬት መሬት እያየ ያልፋል።

"ይጻፉት" አለ በመጨረሻ።

ማዕረግ ጻፈ፤ አንብቦም አሰማቸው። ምስክር ሲጠይቅ ኑርሀያት ቀደም ብላ የሐቢብንና የኢስሃቅን ስም ጠራች፤ ሁለቱም ቀብሩ ላይ ነበሩ። ኡበይድ ራሱን ነቀነቀ።

"እነሱን ይተዉዋቸው። ሙሀይሚን ሰዑድ ይበሉ።"

"ከሳሹን?"

"ስቆፍር ሲደክመኝ አካፋውን የተቀበለኝ እሱ ነው።"

ማዕረግ ከሳሽ ለተከሳሽ ሲመሰክር አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። ሙሀይሚን ቢክድ ማመልከቻው እንደሚወድቅ፣ ሁለቱን ሰዎች ማስያዙ እንደሚሻል መከረው። ኑርሀያት የባሏን እጅጌ ያዘች።

"እናቱን ስቀብር አላየሁትም ካለ" አለ ኡበይድ፣ "ሞተሩን ይውሰደው። ከዚህ ወዲያ ከሱ ጋር አልከራከርም።"

ኑርሀያት እጅጌውን ለቀቀች።

"የምስክሩ አድራሻ?" አለ ማዕረግ ወደ ኮምፒውተሩ እየዞረ።

"ከኔ ቤት ቀጥሎ" አለ ኡበይድ።