ቀዩና ቀጋው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አምለሰትን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ጽጌረዳዋን የማያውቅ አልነበረም። ባሏ ባንተአምላክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ከቡሬ መንገድ ዳር የዱር ቀጋ ነቅሎ አምጥቶ ደጃፏ ተከለላት፤ ልጡን ሰንጥቆም ከቀይ ጽጌረዳ የቆረጠውን ቡቃያ አስገብቶ አሰረበት፤ ሥሩ ቀጋ፣ አበባው ቀይ ሆነ። ልጅ አልወለዱም፤ እሱ ሲሞት የቀራት ያ ጽጌረዳ ነው።

እሷ ደግሞ መንከባከብ ላይ ልክ የላትም። ሌላው ለጎመኑ የሚሳሳለትን ፍግ እሷ ለአበባ ታለብሳለች፤ ቦኖ ተሰልፋ የቀዳችውን ውኃ ጽጌረዳዋ ሳይጠጣ እግሯን አትታጠብበትም። ቅርንጫፍ ስጪን ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ "እቴ! የሰው ጣት ይቆረጣል?"

ከጎረቤቷ ከበለጠች ጋር የተጣሉትም በዚሁ ነው። ባንተአምላክ በሞተ በዓመቱ ያው ቀይ አበባ በለጠች ጓሮ ፈክቶ ታየ። አምለሰት "በሌለሁበት ገብታ ቆርጣ ነው፤ ሌባ!" ብላ ሰፈሩን አመሰችው። በለጠች አንድ ቃል አልመለሰችም። ከዚያ ወዲያ በቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነበር የሚቀመጡት።

ክረምት ሲገባ የአምለሰት ጽጌረዳ ከሥሩ ወፍራም፣ ለምለም ቅርንጫፍ አወጣ። "ተመስገን፣ ታደሰልኝ!" አለች። የላይኞቹ አሮጌ ቅርንጫፎች ጉልበቱን እንዳይሻሙት ብላም በመቀስ አንድ ሳታስቀር መለመለቻቸው። ፍጉንም ጨመረችለት። በተከታዩ ዓመት፣ ወርኃ ጽጌ ሲገባ፣ ለምለሙ ቅርንጫፍ አበበ።

ነጭ። ስስ ነጭ፣ ያው የመንገድ ዳር ቀጋ። ከሥር ያቆጠቆጠው እሱ ኖሯል፤ ባሏ የቀጠለውን ቀይ በገዛ እጇ ቆርጣ ጥላዋለች። አምለሰት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ቀብሩ ቀን አለቀሰች።

አሁን ቀዩ ያለው በለጠች ጓሮ ብቻ ነው። እያፈረችም ቢሆን ሄደች።

"ቤቶች!"

በለጠች በሩን ከፈተች። "ደህና ዋልሽ፣ አምለሰት?"

"ምን ደህና እውላለሁ? የባንተአምላክን ጽጌረዳ ገደልኩት። ከሰረቅሽው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ስጪኝ።"

"አልሰረቅሁሽም፤ ራሱ ነው ታሞ ሳለ ቆርጦ ያመጣልኝ። 'አምለሰት ስትወድ ልክ የላትም፤ አንድ ቀን በእንክብካቤ ትጨርሰዋለች። ያን ጊዜ ስጪልኝ' አለኝ።"

"ታዲያ ሌባ ስልሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"ባልሽ እንዲህ ብሎሻል ብዬ በሐዘንሽ ላይ ልጨምርብሽ?"

አምለሰት መጀመሪያ ተናደደች። "ይሄ ሰው! ሞቶም አይተወኝ!" አለች። ወዲያው ግን የበለጠች እግር ላይ ወደቀች። በለጠች ብድግ አደረገቻት።

"ተነሽ ባክሽ፣ ሰው ያያል። ቀጋውን ነቀልሽው?"

"አልነቀልኩትም።"

"እንኳን አልነቀልሽው። ቀዩን መልሰን እሱ ላይ እናስረዋለን፤ እንዴት እንደሚታሰር አሳይቶኛል። መቀስሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው።"

አምለሰት እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ መቀሱን ልታመጣ ሄደች።