የቁጥር አርባ ሰባት ሁለተኛው ደም

ላቦራቶሪ ውስጥ «ጠብታ» ይሏታል። ፒፔት የሚሉትን የጠብታ መለኪያ ስትይዝ እጇ ውልፍት አይልም፤ ከሺህ ጠብታ አንዷን አትስትም። እሷም ቅጽል ስሙን ከመልመዷ የተነሳ አንድ ቀን ፎርም ላይ ልትሞላው ምንም አልቀራትም ነበር።

ሥራዋ በአጭሩ ይህ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሚወስዱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ደም ይወሰዳል፤ አንዴ ከመርፌው በፊት፣ አንዴ ከሦስት ሳምንት በኋላ። የደሙ ጥርት ያለው ውሃ፣ ሴረም የሚሉት፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ፕሌት ላይ በየተራ እየቀጠነ ይደረደራል። ከዚያ ቫይረስ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም የዶሮ ቀይ የደም ሴል። ሴረሙ ፀረ እንግዳ አካል ከሌለው ቫይረሱ እንዳሻው ይፈነጫል፤ የዶሮውን ደም አያይዞ እንደ ስስ ጨርቅ ይዘረጋዋል። ካለው ግን ቫይረሱ እግር ከወርች ይታሰራል፣ ደሙም ቀስ ብሎ ወርዶ ከጉድጓዱ ስር እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ቁልፍ መቁጠር ነው። ከክትባቱ በፊት ምንም ያልነበረው ሰው ከክትባቱ በኋላ ስድስት ሰባት ቁልፍ ካሳየ፣ እሰየው።

ፕሌቱን የምታነበው ሠራተኛ የማን ደም እንደምታነብ ማወቅ የለባትም። ቱቦው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ያወቀች እንደሆነ ደግሞ ለኃላፊው መናገር አለባት።

ጠብታ ግን አርባ ሰባት ማን እንደሆነች ታውቃለች። ምን ታድርግ፣ የጥናቱ ካርድ ቤታቸው ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ውሃ ልትጠጣ በሄደች ቁጥር ያፈጥባታል! አርባ ሰባት እናቷ ናት። «ነገ እነግራቸዋለሁ» ስትል ሳምንታት አለፉ።

እናቷ አስም አለባት። አምና ኢንፍሉዌንዛ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል አስተኝቷታል፤ ሐኪሙም ድጋሚ ቢይዛት እንደሚያሰጋት ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። መርፌ ከሩቅ ስታይ የምትጮህ ሴት ስለሆነች፣ ዘንድሮ ጠብታ ለምና፣ ተቆጥታ፣ ሁለት ቀን አኩርፋ ነው ያስከተበቻት።

ሐሙስ ጠዋት ፕሌቱን አንስታ ብርሃን ላይ ዘንበል አደረገችው። የአርባ ሰባት የመጀመሪያው ደም፣ አንድም ቁልፍ የለም። ይሁን፣ የዘንድሮው ቫይረስ ከአምናው የተለየ ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛውስ? እሱም ላይ አንድም የለም። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ከሀ ጀምራ ሠራችው። የሌላው ሰው መስመር በቁልፍ ተሞልቷል፤ የአርባ ሰባት ያው ባዶ ነው።

ቤት ስትደርስ እናቷና የእናቷ ታላቅ እህት፣ ቤቱ ሁሉ «እታለም» የሚላት፣ ሶፋ ላይ ልብስ ያጣጥፋሉ። አብረው ነው የሚኖሩት።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰው የሚበዛበት ቦታ አትሄጂም። ክትባቱ አልያዘልሽም።»

«ማን አለ?»

«ደምሽ። ሁለቴ ሠራሁት።»

እህትማማቾቹ ተያዩ። እታለም የያዘችውን ፎጣ አፏ ውስጥ ወተፈች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ንገሪያት እንግዲህ!» አለች።

«ሁለተኛውን ደም እኔ አልሰጠሁም» አለች እናቷ፣ ካልሲ እየፈለገች። «ለአንድ ዓመት ሁለት መርፌ ይበቃኛል። ካርዱን ይዛ እታለም ሄደችልኝ። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች አይደለን? ደማችን ምን ይለያያል?»

«እማዬ! እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ብላ ጮኸች ጠብታ። ወዲያው ደግሞ ሳቋ አመለጣት፤ ቀኑን ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ብድግ ሲልላት ታወቃት። ሦስቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ቀድማ ያቆመችው ጠብታ ነች። ያ ባዶ መስመር የእናቷ ካልሆነ የእታለም ነው። አምና አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሽተኛዋ ራስጌ ተቀምጣ ያደረችው፣ ስታስል አፏን ስትጠርግላት የከረመችው እታለም።

«እታለም፣ አንቺ ተከትበሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? እኔን ምን ይነካኛል፣ ድንጋይ ነኝ!»

«ደምሽ እንደዛ አይልም። መከላከያ የሚባል ነገር አላየሁበትም።»

እናቷ ካልሲውን ጣለችው። «ታዲያ አምና ከኔ ቢይዛትስ ኖሮ?» አለች።

አርብ ጠዋት እታለምን ለማስከተብ ሦስቱም ላቦራቶሪ መጡ። ጠብታ ኃላፊው ቢሮ ብቻዋን ገብታ አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

«ቁጥሩን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ካርዱ ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ፣ ዶክተር።»

«ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር እኮ።»

«እናቴ ክትባቱ ያልሠራላት ሴት ተብላ ትመዘገባለች። ውሸት ነው።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «አርባ ሰባት ከጥናቱ ትወጣለች። አንቺም የዚህን ጥናት ፕሌት ከእንግዲህ አታነቢም። የእናትሽን ደም ለጤናዋ ሲባል ሌላ ሰው ያንብበው» አሉ።

ከዚያ ፕሌት የበለጠ የምትወደው ሥራ አልነበራትም። እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ ወደ መርፌ ክፍሉ ወረደች።

እዚያ ነርሷ የእታለምን ክትባት አዘጋጅታ ቆማለች፤ እታለም ግን ከበሩ አልፋ አልገባችም። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት እናቷ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ካንቺ እብሳለሁ።»

«እንዴ! ያን ቀን ደም የሰጠሽልኝስ?»

«አንቺ ስለፈራሽ ነዋ» አለች እታለም፣ መሬት መሬት እያየች።

እናቷ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች።

«የኔን ደም አስቀድሚ» አለቻት ነርሷን። «እታለም፣ ነይ እዚህ ጋ ቁሚና እይኝ።»

እታለም መጥታ አጠገቧ ቆመች። መርፌው ገባ። እናቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን ከእህቷ ዓይን ሳትነቅል ቱቦው እስኪሞላ ጠበቀች።

«አየሽ፣ ምንም አያምም» ብላ ዋሸቻት።