የውዱእ ውሃ

አዬ ረቢአ ምራታቸውን መጥላት የጀመሩት ኒካሁ ሳይታሰር ነው፤ ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። ለአንድ ልጃቸው ለኢርፋን ያሰቡለት የባቲ ነጋዴ ልጅ ነበረች። እሱ ግን የሰንበቴዋን ፈይሩዝን ይዞ ከሚሴ ገባ፤ ቦርከና ዳር ካለ ችግኝ ጣቢያ ሦስት ዓመት የሠራች፣ መዳፏ የሻከረ፣ ሲቆጧትም አንገቷን የማትደፋ ልጅ። ይዟት ገብቶም አልተቀመጠ፤ ዓመቱ ሳይዞር ሳውዲ ሄደ። ሁለቱን ሴቶች አንድ ግቢ ዘግቶባቸው ሄደ ማለት ይቀላል።

በግቢው መሀል አንዲት ብርቱካን አለች። የአዬ ረቢአ ባል ሐጂ ሙሐመድዘይን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በእጃቸው የተከሏት ናት። ረመዳን በመጣ ቁጥር ፍሬዋ ለማፍጠሪያ በየጎረቤቱ ይታደላል። ሐጂ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው ስለ ቤቱም ስለ መሬቱም ትንፍሽ አላሉ፤ «ብርቱካኗን አደራ» ነው ያሉት። አዬ ረቢአም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ እየተሸከሙ አደራቸውን ጠበቁ። ባለፈው መስከረም ግን ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

ጎረቤታቸውን ሼህ ጀይላንን አስጠሩ። ሼህ ጀይላን የከረረ ነገር በማላላት የሚታወቁ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ለኢርፋንም በኢሞ ተደወለለት። በሁለቱ ፊት አዬ ረቢአ ዛፏን ለምራታቸው አስረከቡ፤ በእጇ ከደረቀች ግን ጓዟን ጠቅልላ ወደ ሰንበቴ እንደምትመለስ ቁርጡን ነገሯት። ፈይሩዝ ባሏ አንድ ነገር ይላል ብላ ስልኩን አየች። ኢርፋን እናቴ ያለችው ነው አለና ዘጋ። ሰንበቴ ያለው የአባቷ ቤት ዛሬ የወንድሟ ሚስት ቤት ነው፤ ፈት ሆኖ እዚያ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰችው ታውቀዋለች። ቢሆንም ፈይሩዝ በልቧ ሳቀች። ከዓለም ሥራ ሁሉ ጠንቅቃ የምታውቀውን ነበር የሰጧት።

በማግስቱ ዶማ አነሳች። ከግንዱ ራቅ ብላ፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያርፍበት ልክ፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈረች። ዛፍ ውሃ የሚጠጣው በሥሩ ጫፍ ነው፤ ግንዱ ላይ ማፍሰስ የጠማውን ሰው እግሩን እንደማጠብ ነው። ቦዩን ፀሐይ እንዳይመጠው በማሽላ አገዳ አለበሰችው። በዐሥር ቀን አንዴ በማለዳ ተነሥታ፣ ጀሪካን በጀሪካን እያመላለሰች መሬቱ እስከ ሥሩ እስኪርስ ታጠጣለች፤ ከዚያ እስኪጠማት ድረስ አትነካትም። የከሚሴ ጥቁር አፈር ውሃ ከያዘ አይለቅም። ለመፈተኛ ክንድ የሚያህል ፌሮ ብረት ነበራት፤ መሬቱን ስትወጋው ብረቱ በቀላሉ ከሰመጠ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ እምቢ ካላት ቀኑ ደርሷል። ሙሽራ ሆና በመጣች ሳምንት በግድግዳው ጥግ የተከለቻትን ሮማንም በዚሁ ደንብ ነበር ያሳደገቻት። ሮማኗ ዘንድሮ ሰው አክላለች።

አዬ ረቢአ ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እሳቸው የሚያዩት ግን ሌላ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠብታ ውሃ የማታነሳ ሰነፍ። ዐሥር ቀን ሳይጠጣ የሚያድር ፍጡር የት አገር አለ እያሉ ለመጣ ለሄደው ያሟታል። በጥቅምት አንድ ቀን ሰው ለመኑና በሩ አጠገብ የነበረውን የመታጠቢያ ድንጋያቸውን ብርቱካኗ ግንድ ሥር አስጠጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአምስቱም ሶላት እዚያ ተቀምጠው እየታጠቡ ውዱእ ያደርጉ ጀመር። በረካ ያለው ውሃ ደጅ ከሚፈስ ለሐጂ ዛፍ ይድረስ ነው ሐሳባቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ ኋላ የሆነውን ሁሉ የሚሰማ ሰው ይህንንም ይያዝላቸው።

በሳምንቱ ፈይሩዝ ነገረቻቸው። በትሕትና ነው የነገረቻቸው፤ አዬ፣ ግንዱ ሥር እርጥበት ከሰነበተ ልጣጩ ይበሰብሳልና ድንጋዩን ትንሽ ራቅ እናድርገው አለች። አዬ ረቢአ እዚያው ታጥበው ገቡ። ጁምዓ ዕለት የጎረቤት ሴቶች ግቢውን ሲሞሉት ግን ከጓዳ ጠርተው መሀል አቆሟት።

«የውዱእ ውሃ ይገድላል አለችኝ፤ ስሙልኝ የሰንበቴዋን ሊቅ» አሉ። «ከእንግዲህ በዚህች ዛፍ ነገር አፍሽ እንዳይከፈት።»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚያው ቢቀር ደግ ነበር፤ አልቀረም። ቧንቧ ተራ ላይ ስሟ «ሊቋ» ሆነ። ሊቋ፣ እንቅዳ ወይስ ይገድለናል እያሉ ጀሪካናቸውን ይዘው ይስቁባታል። ጠጅ ስታሳልፍ የተገኘች ይመስል መንገድ ላይ ሳይቀር ትጠቆም ጀመር። ሆድ ይፍጀው አለችና ዝም አለች።

በታኅሣሥ ቅጠሎቹ መገርጣት ጀመሩ። አዬ ረቢአ «ቢሻን ነው የጠማት፣ ውሃ» አሉና በየውዱኡ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጨመሩላት። ይበልጥ ገረጣች፤ ይበልጥ አጠጧት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው።

በረጀብ፣ ረመዳን ሁለት ወር ሲቀረው፣ አዬ ረቢአ ዘመድ ጥየቃ በወጡበት አንድ ጧት፣ ፈይሩዝ ፌሮዋን ይዛ ግንዱ ሥር ተንበረከከች። ብረቱ ቅቤ የተወጋ ያህል ያለ ጉልበት እስከ ጫፉ ሰመጠ። ከልጣጩ ላይ ቡናማ ሙጫ ይንጠባጠባል። ይህን በሽታ ከችግኝ ጣቢያው ታውቀዋለች፤ አፈሩን ከግንዱ ገልጦ፣ የበሰበሰውን ፍቆ፣ ነፋስ አስመትቶ፣ ውሃውን ካራቁላት ዛፏ ትድናለች። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዶማውን አምጥታ ወደ ላይ አነሳችው፤ ከዚያ እንዳነሳችው ቆመች። ብትድን ማን ያመሰግናታል? የውዱኡ በረካ አዳናት ነው የሚባለው። ብትሞት ግን አንድ ቀን በሽማግሌ ፊት ተቆፍሮ ይታያል፤ ማን እንደገደላትም መሬቱ ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ እንግዲህ ማን ሊቅ እንደሆነ ይለያል። ዶማውን መልሳ ቦታው አስቀመጠችው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ፈይሩዝን ግን ማጭድም አላስፈለጋት፣ ዝም ማለት በቃት።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት አዬ ረቢአ ራሳቸው ጠየቋት። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ በሽተኛ የተኛበት ሰው ድምፅ ነበር። ይህች ዛፍ ምን ሆነችብኝ ልጄ፣ አሉ። ልጄ ሲሏት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ፈይሩዝ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «አላህ ያውቃል» አለችና ወደ ልብስ ማጠቧ ተመለሰች።

ረመዳን ያለ ብርቱካን አለፈ። የያዘቻቸው ጥቂት ፍሬዎች ሳይበስሉ ረገፉ። በቀጣዩ ወር በሸዋል ቅጠል የሚባል አልቀረባትም። አዬ ረቢአ ሼህ ጀይላንን አስጠሩ፤ ስልኩም ተከፈተና ኢርፋን ከሪያድ ሆኖ ያይ ጀመር። የባሌ አደራ በእጇ ደረቀ፣ የተባለው ይፈጸምልኝ አሉ። ይህን ሲሉ እንባቸው ይወርዳል።

ፈይሩዝ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ውሃ ጠምቶት የሞተ ዛፍ ሥሩ ደርቆ ነው የሚገኘው፣ ቆፍሬ ላሳያችሁ አለች። መጀመሪያ እሷ የምታጠጣውን ቦይ ቆፈረች፤ እዚያ ያሉት ሥሮች ገና ጠንካራ ነበሩ። ከዚያ ድንጋዩን ገፋ አድርጋ ግንዱ ሥር ሁለት ጊዜ ዶማ አሳረፈች። የብስባሽ ሽታ ግቢውን ሞላው። ልጣጩን በጣቷ ብትነካው እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ ወደቀ። ሼህ ጀይላን አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ እዚህ ድረስ ይህን ሁሉ ውሃ ያፈሰሰው ማነው ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ አዬ ረቢአ። «በቀን አምስት ጊዜ። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

ድንጋያቸው ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። ፈይሩዝ ደስ አላት፤ ሌላ ስም አይሰጠውም፣ ደስ አላት። ሼህ ጀይላን ልጅቷ ጥፋት የለባትም፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ ማለት ጀምረው ነበር። አዬ ረቢአ ቀና አሉ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ስድስት ወር ሙሉ ዝም ያለች ልጅ ያቺን አንዲት ደቂቃ ዝም ብትል ኖሮ ቤቱ ቤቷ ነበር። ምን ይደረግ፣ እውቀቷ አኮራት። በረጀብ አለች፤ ሙጫው ሲንጠባጠብ አይቻለሁ፣ ብረቱ ሲሰምጥ አይቻለሁ፣ አስቀድሜም ነግሬዎት ሰው አስቀውብኛል።

«ያኔ ቢደረስላት ትድን ነበር?»

«የግማሽ ቀን ሥራ ነበር» አለች ፈይሩዝ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ሼህ ጀይላን የጀመሩትን ንግግር ተዉት። አስተግፊሩላህ አሉ፤ የማያውቅ ሰው ሳያውቅ ገደለ፣ አውቆ ቆሞ ያየው ግን ሌላ ነው ብለው ፊታቸውን ከእሷ አዞሩ። ከስልኩ የኢርፋን ድምፅ መጣ።

«እናቴ የአባቴን ዛፍ በእጇ ስትገድል ቆመሽ አየሻት» አለ። «ፈትቼሻለሁ፣ ፈይሩዝ።»

ሼህ ጀይላን ተረጋጋ፣ ዛሬን እደርበት ቢሉት ስልኩን ዘጋው። መልሰው ቢደውሉ አላነሳም።

ጓዟ አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ነበር። ባጃጅ ተጠርቶ በሩ ላይ ቆመ። ፈይሩዝ ለመጨረሻ ጊዜ ሮማኗን አየቻት፤ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ አበባዋን አውጥታለች። ነቅሎ ለመውሰድ ትልቅ ናት፣ ትቶ ለመሄድም አንጀት ይበላል። የከሰዓቱ የአሱር አዛን ሲባል አዬ ረቢአ ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ወጡ። ድንጋያቸው ባዶ ግንድ ሥር ነው ያለው። ሰው አልጠሩም፤ ጎንበስ አሉና ድንጋዩን እየገፉ፣ እያረፉ እየገፉ፣ ሮማኗ ግንድ ሥር አደረሱት። ተቀመጡ። ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ እግራቸውን ታጠቡ። ውዱኡ አለቀ፤ ውሃው ግን አላለቀም። የተረፈውን ቀስ አድርገው ግንዷ ላይ አንቆረቆሩት።

በዚህች ጊዜ ፈይሩዝ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አዬ» አለች፤ «ትሞታለች።»

አዬ ረቢአ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መልሰው ሊሞሉ ተነሡ።