ያልታጠፈችው ጣት

ጋሽ ዓሪፍ «ሱብሃነላህ» እያሉ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ያሳልፋሉ፤ መሃል ላይ ይጠፋባቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። መርሳ ከተማ ላይ የልጃቸው የናጅዋ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንባ የሚባል ጠብ አላለላቸውም። ከባድ መሣሪያ መታት የሚለው መርዶ በሚኖሩበት ግራና ሲደርሳቸው መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ነበር። በየጢሻው ተሽሎክልከው በእግራቸው ሲደርሱ ጎረቤት ቀብሯት ጠበቃቸው።

ለቀስተኛው ይገባል፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» ይላል። አፋቸው «አሚን» ይላል እንጂ ልባቸው እዚያ የለም።

ናጅዋ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ክፍሏ ብቅ ቢሉ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘርግተዋል። እሷ የአንዱን ጣት ነካ ታደርግና «የትኛው ነው?» ትላለች።

«የቀለበት ጣት!»

ሌሎቹ ባቄላ በክር ይሰካሉ፤ ጭቃ ያድበለብላሉ። ሁለትና ሦስት ስንት ነው ስትላቸው ጣታቸውን እያወጡ ይቆጥራሉ።

«ኮሌጅ የላክሁሽ ለዚህ ነው?» አሏት ወደ ቤት ሲመለሱ። «በጣቱ የሚቆጥር ልጅ እኮ ይሰንፋል።»

«አባዬ፣ ጣቱን ለይቶ ያላወቀ ልጅ ቁጥርን በምን ይይዘዋል? ዛሬ እያየ ይቆጥራል፤ ሲለምደው ጣቱን ትቶ በልቡ ያሰላል። ደሞ አንቱስ ዚክሩን በምን ይቆጥራሉ?»

ጋሽ ዓሪፍ ሳቁ።

አሁን በሩ ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። የገባችው ሓረጉ ናት፣ የናጅዋ የአጥር ጎረቤት። ወላጆቿ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሰው ፊት መውጣት ትፈራለች። የአምስት ዓመት ልጇን ሰገንን በእጇ ይዛለች።

«በምን ዓይኗ መጣች!» አለች አንዷ ሴት።

«ዝም በሉ፣ እንዳይሰሙ!» አለች ዘይነባ፣ የጋሽ ዓሪፍ እኅት።

ጋሽ ዓሪፍ ቀና አሉ። «ምኑን ነው የማልሰማው?»

ሓረጉ ተንበረከከች።

«እኔ ልንገርዎ፣ ጋሼ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ የሰፈሩን ልጆች ግቢዋ ሰብስባ ታስተምር ነበር። አሥር ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጣት ሰጥታቸዋለች፤ የእኔዋ ትንሿ ጣት ናት። የዚያን ቀን ተኩሱ ሲመጣ ይዛቸው ወደ ድንጋዩ መጋዘን ሮጠች። እዚያ ሆና ጣቷን እያጠፈች ቆጠረቻቸው። አንዷ ሳትታጠፍ ቀረች። ልጆቹ ናቸው አሉ ቀድመው ያዩት፤ ‹ትንሿ ጣት ቀረች! ሰገን የለችም!› ብለው ጮኹ።»

የጋሽ ዓሪፍ አውራ ጣት ትንሿ ጣታቸው ላይ ቆመ።

«ተመልሳ ሄደች፤ አልጋ ሥር ተደብቃ አገኘቻት። አቅፋ አመጣችና በበሩ ለልጆቹ አቀበለቻት። እሷ ራሷ ሳትገባ ከባድ መሣሪያው መታት።»

ባትቆጥር ኖሮ፣ አሉ ጋሽ ዓሪፍ በሆዳቸው። ባትቆጥር ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች። ሐሳቡ እንደ መብረቅ ወረደባቸው። ወዲያው ዓይናቸው ሕፃኗ ላይ ዐረፈ፤ ባትቆጥር ኖሮ ይቺ አትኖርም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቃታቸው።

ምን ይሉ ይሆን ብሎ ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን አየ። እሳቸው ግን ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና የለቀቁትን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

ሰገን እናቷን አየች፤ ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ እንቅልፍ ሲጥላት ጭንቅላቷ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ዘይነባ ልታነሣት ጎንበስ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ሲሰማ እግራቸው ደንዝዞ ነበር። አላነቃነቁትም።