ማጥበቅ ክልክል ነው

ሴትዮዋ በላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ልጇን ከወለደች ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ዳሌዋ ውስጥ የሚያቃጥል ሕመም አለባት። ስትቀመጥ ይብሳል፤ ከባሏ ጋር መተኛትማ አይታሰብም። ሁለት ሐኪሞች መርምረው «ምንም የለብሽም» አሏት። የሐኪሞቹን ቃል አማቷ እንደ ፍርድ ያዙት። በአንድ ጎኗ ስለምትቀመጥም «ብርጭቆ» የሚል ስም አወጡላት።

«ብርጭቆ፣ ቀስ በይ፣ እንዳትሰበሪብን!»

ባሏ ሾፌር ነው። «ሦስት ወር ሰጥቼሻለሁ» አላት። «ካልዳንሽ ልጁ እዚህ ይቀራል፣ አንቺ እህትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

የዳሌ ጡንቻ የምታክም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄደች። ባለሙያዋ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ አንድ ቦታ ጫን አደረገች። «ይሄ ነው?»

ታካሚዋ አለቀሰች። ሕመሟን ከእሷ ሌላ ሰው ሲያገኘው የመጀመሪያው ነበር።

«እጅሽን ጨብጪ» አለቻት ባለሙያዋ። «ጠበቅ! ሦስት ዓመት እንዲህ ብትይዢውስ?»

«ይደርቃላ፣ ሲስተር።»

«የዳሌሽ ወለል ጡንቻም እንደዚያ ሆኗል፤ መልቀቅ ረስቷል። በየቀኑ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ አየሩን ወደ ሆድሽ እያስገባሽ ታላይዋለሽ። ማጥበቅ ክልክል ነው። ሌላ ሴት የሚያድን ስፖርት ላንቺ መርዝ ነው።»

በስድስተኛው ሳምንት ከአሥር ዘጠኝ የነበረው ሕመም ወደ አራት ወረደ። ወንበር ላይ ተደላድላ ተቀምጣ ልጇን አበላች።

በማግስቱ አማቷ ወለል ላይ ተጋድማ ስትተነፍስ አገኟት።

«ሕክምናው ይሄ ነው? መጋደም? ይሄንማ ድመቷም ታውቀዋለች።»

አንዲት ጎረቤት ከወሊድ በኋላ የዳነችው በማጥበቅ እንደሆነ ነግራቸዋለች። ጎረቤቷን ያዳነ ምራታቸውን የማያድንበት ምክንያት አልታያቸውም። ወንበር ስበው ራስጌዋ ተቀመጡ።

«ሽንትሽን እንደምትቋጥሪ ያዢ። መቶ እስክቆጥር።»

«እማማ፣ ሲስተሯ ክልክል ነው ብላኛለች…»

«ሲስተሯ ስንት ወልዳለች? እኔ ሰባት! ያዢ።»

ሥራ ስትውል ልጇን የሚጠብቁላት እሳቸው ናቸው። ያዘች። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሳምንት።

በቀጠሮዋ ቀን አማቷ ልጁን ይዘው አብረዋት ሄዱ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጡ። ባለሙያዋ ጡንቻውን ስትነካው እንደ ገመድ ተወጥሮ አገኘችው። ሕመሙ ዘጠኝ ነው።

«አጥብቀሻል። ማን አዘዘሽ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ጉሮሮ ተጠረገ።

«እኔው ነኝ፣ ሲስተር» አለች ታካሚዋ። «ቶሎ የምድን መስሎኝ።»

«አርባ ሴት ወረፋ ይጠብቃል» አለች ባለሙያዋ። ከዚያም ጻፈች፦ «ታካሚዋ መመሪያ አላከበረችም። ሕክምናው ተቋርጧል።»

ባሏ ከሥራ ሲገባ እናቱ ወረቀቱን ሰጡት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ያዘዙኝ እማማ ናቸው» አለች ሚስቱ።

«እኔ? ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ሐኪም ልሆን? ‹እኔው ነኝ› ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ብለሻል?» አላት ባሏ።

«ብያለሁ፣ ግን…»

«መዳንሽን ባትፈልጊው ነው። እናቴን ደግሞ በሐሰት!» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ልብስሽን ሰብስቢ።»

ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ፣ አማቷ ልጁን ጭናቸው ላይ አቁመው ክንዱን ያዙ።

«እናትህን ቻው በላት እንጂ፣ የኔ ጌታ።»

ልጁ እየሳቀ እጁን አወዛወዘ። ሱቅ የምትሄድ መስሎታል።