አንድ ቁልፍ ጎድሏል

ሱቁ የሠርግና የልደት ዲስኮችን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቅጂ ይቆልፍና አንዲት ትንሽ የቁልፍ ፋይል ያወጣል፤ እሷ ከሌለች ሙሽራውም ሙሽሪትም አይታዩም። ባለሱቁን ሰፈሩ «ቆልፌ» ይለዋል። ቅጂና ቁልፍ አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም ባይ ስለነበር ቅጂዎቹ ሱቅ፣ ቁልፎቹ ደግሞ ቤት፣ በሚስቱ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሲፋቱ ዕቃውን ሁሉ እስከ ማንኪያው ተካፈሉ፤ ቁልፎቹን ግን ያስታወሰ የለም። እሷ ላፕቶፗን ይዛ ሌላ ከተማ ገባች።

እናም ደንበኛ በመጣ ቁጥር ይደውላል። «የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ሠርግ» ይላል። እሷም እየፈለገች «ጉንፋኑ ለቀቀህ?» ትለዋለች። ፋይሉ ሲደርሰው ወሬው ያልቃል። ሁሉንም ባንዴ ላኪልኝ ለማለት አፍ አጥቶ አይደለም፤ ናፍቆቱ ነው ያልፈቀደለት። ደንበኛ ባልመጣ ሳምንት ሰው አያስጠጋም።

«የቸገረህ ቁልፏ ናት ባለቁልፏ?» ትለዋለች አብራው የምትሠራው እህቱ።

«አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!»

አንድ ረፋድ ላይ በመንገደኛ እጅ የተላከ ፖስታ ደረሰው። ውስጡ ፍላሽ አለ፤ ሁሉም ቁልፎች በየስማቸው ተገልብጠውበታል። «ከእንግዲህ በየጊዜው እንዳትቸገር» ይላል ብጣሽ ወረቀቱ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ከእንግዲህ በምን ሰበብ ይደውልላት?

«ተገላገልክ!» አለች እህቱ።

እሷ ለምሳ ስትወጣ ፍላሹን ከፈተ። የገዛ ሠርጋቸው ቁልፍም እዚያው አለ። እሱን መርጦ አጠፋው። ዕድሜ ልኩን ቁልፍ እንዳይጠፋ ሲጨቀጭቅ የኖረ ሰው! ከዚያ ስልኩን አነሳ።

«ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። አንድ ግን ጎድሏል።»

«የማን?»

«የእኛ።»

«አንተ፣ ሁለቴ አይቼ እኮ ነው የላክሁት።»

«ጎድሏል አልኩሽ።»

ላፕቶፑን ስትከፍት፣ ስትነካካ ይሰማዋል። ቁልፉ እዚያ መኖሩን እሱም ያውቃል። ውሸቱ ሊጋለጥ ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«አገኘሽው?»

«የለም» አለች ቀስ ብላ። «በደንብ ልፈልገው። ነገ ደውልልኝ።»